በጓደኛዬ አክታ ተመርምሬ

ሳል ይዞት የከረመ ሰው፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የሚስል ሰው ያለው፣ እስቲ የያዘውን ሥራ ቁጭ አድርጎ ይኸን ያንብብልኝ። የደረሰብኝን እጽፋለሁ፤ ያጠፋሁትንም አልሸሽግም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ጽሕፈቴ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሡኝ።

ስሜ ይመኙሻል ነው፤ ክርስትና ስሜ ወለተ ሚካኤል። ትውልዴ ደጋ ቢሆንም በልጅነቴ ወርጄ ከሚሴ ተዳርኩ፤ እዚሁ ወለድኩ፣ እዚሁ ባሌን ቀበርኩ፣ እዚሁ የልጅ ልጅ አየሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያኖረኝ ጥጥ ነው። ጥጡን ገዝቼ፣ ነድፌ፣ ፈትዬ፣ ልቃቂቱን ሰኞ ሰኞ ባቲ አወርዳለሁ። ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም፤ እግሬ መንገድ ይወዳል። ልጄ እናኑ "እማዬ፣ አንቺኮ ለገዛ ቤትሽ እንግዳ ነሽ" ትለኛለች።

ገበያ ላይ ጎኔ የምትቀመጠው ዘሃራ ናት፤ ቅመም ትሸጣለች። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ አንድ ጥላ ሥር ሃያ ዓመት ተቀምጠናል። ሰንበቴ ከተማ ገበያው የሚውለው እሑድ ነው፤ እኔ ቅዳሴ አስታጉዬ ገበያ አልወጣም፤ ስለዚህ የኔንም ልቃቂት ይዛልኝ ትሄዳለች። እሷ ሶላት ስትቆም እኔ ቅመሟን እጠብቃለሁ። የቱን ቀን ምን እንደማልበላ፣ የቱን ቀን ምን እንደማላደርግ፣ ከወለድኳቸው ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚሁ መተዋወቅ ነው።

ሳሉ የጀመረኝ አምና ጥቅምት ላይ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ይመጣና ፀሐይ ሲሞቅ ይተወኛል። ዘሃራ "የጥጡ ብናኝ ነው፣ አፍሽን ሸፍነሽ ንደፊ" አለችኝ። ሸፈንኩ፤ አልተወኝም። እናኑ "ብርድ ነው" ብላ በነጭ ሽንኩርትና በማር ከረመች። አንዲት ባልቴት ደግሞ አፌን አስከፍታ አየችና "እንጥልሽ ወርዷል፣ ካልተቆረጠ ያንቅሻል" አለችኝ። አስቆረጥኩ። ይኸን የማደርግ ሞኝ ነበርኩ። ሦስት ቀን ውሃ መዋጥ አቅቶኝ ደም ስተፋ ሰነበትኩ፤ ሳሉ ግን እዚያው ነበር። እባካችሁ፣ እንጥል የማስቆረጥን ነገር ተዉት።

ከዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። ቆላ ነንና "ወባ ነው" ተባልኩ፤ የወባውን ጨረስኩ። ሌላ ክሊኒክ "ታይፎይድ ነው" አለኝ፤ የታይፎይዱንም ጨረስኩ። ለባቲ የማዞራት ገንዘብ በክኒን አለቀች። እኔ ደግሞ እያለቅሁ ነበር። ማታ ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ፤ ቀሚሴ በላዬ ላይ የሰው ቀሚስ መሰለ። አክታው አሁን ወፍሮ ይመጣል። እናኑ "ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሳንባሽን ታዪ" ብላ ያዘችኝ፤ እሺ ብዬ ቀን ቆረጥኩላት።

ሰው ሞት ሲሸተው መጀመሪያ የሚያስበው ነፍሱን ነው። እኔም ለጥር አስተርእዮ ማርያም ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር። ለእናኑ የቆረጥኩላት ቀን ያው የማርያም ዕለት ሆኖ ተገኘ፤ ቀን መቁጠር አልችልበትም። እናኑ ሕፃን ይዛለች፣ አልቻለችም። ከቅዳሴ ስወጣ በሷ ፈንታ ዘሃራ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ማዶ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ነጠላዬን አፌ ላይ እንዳደረግኩ ነበርኩ።

"ነይ እንጂ፣ ወረፋው ያልፈናል" አለችኝ።

የጤና ጣቢያው አግዳሚ ሞልቷል። በትሩን በጭኖቹ መሀል ያቆመ አፋር፣ ሆዷ የገፋ ሴት፣ እግሩ በጨርቅ የታሰረ ሽማግሌ። ሁላችንም አንዲት በር እናያለን። አንድ ሰው ተጠርቶ በተነሣ ቁጥር ቂጣችንን አንሸራተን ወደዚያ ጠጋ እንላለን። በዚያ አግዳሚ ላይ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማንም ማንንም ማዳን አይችልም፤ ይጠጋል እንጂ።

ተራዬ ደረሰ። ላቦራቶሪ የሚሠራው ልጅ ወጣት ነው፤ መነጽር አለው። አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠኝ።

"እማማ፣ ከጉሮሮዎ እንዳይሆን። ከደረትዎ፣ ከውስጥ ስለው ያውጡልኝ። ምራቅ አይጠቅመኝም።"

"እዚህ ላይ ልተፋ ነው?"

"አዎ፣ ውጭ ወጥተው፣ ከሰው ራቅ ብለው።"

"ልጄ፣ ነገ ባመጣልህስ?"

"ነገም ጠዋት ያመጣሉ፣ ዛሬም ይሰጣሉ። ሦስት ጊዜ ነው የሚታየው። ቀጣይ!"

ወጣሁ። ዘሃራ ተነሥታ መጣች።

"ምን አለሽ?"

"ትፊ አለኝ።"

"ታዲያ ትፊለታ!"

"ዘሃራ፣ ቆርቤያለሁ እኮ።"

አፏን በእጇ ያዘች። ታውቃለች አልኳችሁ አይደል? የቆረበ ሰው ያን ቀን አይተፋም። ሥጋ ወደሙ ከገባበት አፍ የሚወጣ ነገር መሬት አይወድቅም። ጠዋት ከቆረብኩ ጀምሮ ደረቴ ውስጥ የሚንተከተከውን አክታ እየዋጥኩ ነው የዋልኩት። እሱን አውጥቼ በዕቃ ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ፣ እሱ አይቶት ሲያበቃ የትም ሊደፋው? እንዲያውስ ሞት ይሻለኛል አልኩ።

"ለልጁ ንገሪው" አለችኝ።

"ምን ብዬ? ወረፋው እንዲህ ተኮልኩሎ ሳለ ስለ ቁርባን ልተርክለት?"

ዕቃዋን ከእጄ ወሰደችው።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"እኔ አልቆረብኩም" አለች።

ከሽንት ቤቱ ኋላ ሄዳ፣ ደረቷን እየደቃች፣ እህ እህ ስትል ሰማኋት። ምን ከውስጧ ሊወጣ! በሬ የመሰለች ጤነኛ ናት። እንደ ምንም ብላ አንድ ነገር አምጥታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ በቀሚሷ ጠራርጋ ሰጠችኝ። አልከለከልኳትም። እንዲያውም "እግዜር ይስጥሽ" አልኳት።

በማግሥቱ የራሴን መስጠት እችል ነበር። አሁን ይኸን ሳስብ ራሴን በድንጋይ እመታለሁ። ግን ምን ፈራሁ መሰላችሁ? የመጀመሪያው የዘሃራ፣ ሁለተኛው የኔ ከሆነ፣ ልጁ በመሣሪያው ሲያየው የሁለት ሰው መሆኑን ያውቅብኛል ብዬ ነው። ዘሃራም "እውነትሽን ነው፣ አንድ ዓይነት ካልሆነ ያዋርደናል" አለች። ስለዚህ የጠዋቱንም፣ የመጨረሻውንም እሷው ሞላችልኝ። እኛ ማጭበርበራችን አልነበረም፤ ሥራውን እንዳናበላሽበት ነበር።

ውጤቱ መጣ። "ነጻ ነዎት፣ ቲቢ የለብዎትም" ተባልኩ። ቲቢ ማለት የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያታልል እዩልኝ! አክታው የዘሃራ መሆኑን እያወቅኩ፣ "ነጻ ነዎት" ሲለኝ እግሬ ቀለለኝ። ማርያም ፈወሰችኝ አልኩ። በጽዋ ማኅበራችን ተነሥቼ ተናገርኩ፤ እልል ተባለልኝ። ለሳሉ የሚሆን ሌላ ክኒን ሰጥተውኝ ነበርና ሁለት ሳምንት ቀለል አለኝ፤ ያን ጊዜማ ጭራሽ አመንኩ። በረከት ማለት እንዲህ ናት፣ ገብታ ሕመሙን ጠርጋ የምትወጣ፣ ብዬ አሰብኩ።

ሁዳዴን ጾምኩ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰኞ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስንወርድ መኪና ውስጥ ሳሉ መጣ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳልኩ፣ ሳልኩ፤ ሳነሣው ነጠላዬ ደም ነው። ጎኔ የነበረው ሰው ተነሥቶ ሄደ። ፊት ለፊት የነበሩትም ዞረው አይተው መስኮት መስኮቱን ያዙ። ዘሃራ ብቻ ቁጭ እንዳለች ቀረች። "ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ" ትለኛለች በኦሮምኛዋ። አንዲት የማላውቃት ሴት ከኋላ በሰው እጅ እያቀባበለች ውሃ ላከችልኝ። ዛሬም ሳስባት "ስሟን አንተ ታውቀዋለህ" እላለሁ ለፈጣሪ።

ያን ቀን ባቲ ጭነቱን እንኳ ሳንፈታ ተመለስን። እኔም አልጋ ላይ ወደቅኩ።

እንግዲህ መከራው እዚህ ላይ ነው። እናኑ በየሐኪሙ ወሰደችኝ፤ በሄድንበት ሁሉ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አውጥታ ታሳያለች። "ለቲቢ ሦስት ጊዜ ታይታለች፣ ነጻ ናት" ትላለች። ሐኪሙ ወረቀቱን ያይና ሌላ ነገር ይፈልጋል። አንዱ አስም አለኝ፣ አንዱ ልብ አለኝ። የዘሃራ ጤና በኔ ስም ተጽፎ በሩን ሁሉ ዘጋብኝ። እውነቱን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን።

ዘሃራ አልጋዬ አጠገብ ትቀመጥና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እንናገር" ትለኛለች።

"ምን ብለን? የቆረበች ሴት ዋሸች ብለን?"

"አንቺ መቼ ዋሸሽ? የተፋሁት እኔ!"

"ማኅበር ላይስ ማርያም ፈወሰችኝ ያልኩት? እልል ያሉትስ? የማርያምን ስም ይዤ ነው እኮ የዋሸሁት።"

ሳንናገር ቀረን። ኀፍረት ከሳል ይብሳል፤ ሳል እንኳ ይወጣልሻል።

የእናኑ ባል ደምሴ ሹፌር ነው፤ ቃል አያበዛም። አንድ ቀን ብርጭቆዬንና ሳህኔን ለይቶ በአንድ ቅርጫት አስቀመጠ። ሕፃኑንም ወደኔ ክፍል እንዳያስገቡት አለ። እናኑ አለቀሰች፤ "እናቴን እንደ ውሻ!" ብላ ጮኸችበት። እኔ በመጋረጃው በኩል እሰማለሁ። በሳምንቱ ከውጭ በኩል የክፍሌን ግድግዳ በዶማ ይመታ ጀመር። ጭቃው እየረገፈ አልጋዬ ላይ ይወድቃል። ሊያስወጣኝ ነው፣ ክፍሉን ሊያፈርሰው ነው አልኩና ፊቴን ወደ ውስጥ አዞርኩ። ብርሃን ገባ። ደምሴ በቀዳዳው አንገቱን አስገባ።

"እማማ፣ መስኮት ላወጣልዎ ነው። አየር ይግባልዎ ብዬ" አለኝ።

"እግዜር ይስጥህ" ብዬ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ አቧራው ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ስለ ሌሊቱ ብዙ አልጽፍም፤ የታመመ ያውቀዋል። ጸሎት እጀምራለሁ፣ ትንፋሼ መሀሉ ላይ ያልቃል። "አቤቱ" ብዬ እቀራለሁ፤ የቀረውን አንተ ጨርሰው እለዋለሁ። ሌላ ምንም ለማድረግ አቅም አልነበረኝም።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ሆነ። እናኑ ተስፋ ቆርጣ የነፍስ አባቴን መምሬ አክሊሉን ጠራቻቸው። ዝናቡ እየወረደባቸው መጡ። እናኑን ከክፍሉ አስወጧትና መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር? ሁሉንም አወጣሁት፤ ቁርባኑን፣ ዕቃዋን፣ ዘሃራን፣ ማኅበሩን፣ እልልታውን። ይቆጡኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"ለምን አልተፋሽም?" አሉኝ።

"አባቴ፣ ሥጋው ደሙ የገባበት አፍ ነው እኮ። ከዚህ እድፍ ጋር ላጋጥመው?"

"ወለተ ሚካኤል፣ ጌታ ወደ አፍሽ ሲገባ ደረትሽ ውስጥ ያለውን አያውቅም ነበር?"

"ያውቃል እንጂ አባቴ።"

"ተጸይፎ ተመለሰ?"

"አልተመለሰም።"

"እሱ ለምጻሙን በእጁ የዳሰሰ ነው። ሳል አያስፈራውም። የተቀበልሽው ቀን ላለመትፋትሽ ደግ አደረግሽ፤ ሥርዓት ነው። ግን በማግሥቱ ብትሰጪ ማን ይከለክልሽ ነበር? ብትጠይቂኝ እኔ አልነግርሽም ነበር?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔም ጥፋት አለብኝ። ስትስዪ እየሰማሁ አቆረብኩሽ፤ ሐኪም አይቶሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም።"

"ማርያምስ ትቀየመኛለች?"

"እሷ የምታዝነው ስለዋሸሽ ብቻ አይደለም፤ ልትሞቺ ስለሆነ ነው።"

ከዚያ ንስሐዬን ሰጡኝ። "ስግደት አልሰጥሽም፣ ደረትሽ አይችልም። ጾምም አልጨምርብሽም፤ እንዲያውም ከነገ ጀምሮ ብዪ። ሄደሽ ለዚያ ልጅ እውነቱን ትነግሪዋለሽ። መድኃኒቱን ሲሰጥሽ እስክትጨርሺው አንድ ቀን አታስታጉዪም። ንስሐሽ ይኸው ነው።"

እኔ እስከዚያ ቀን የፈጣሪ በረከት ከሕመሙ በኋላ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ቤት ሲጸዳ እንደሚገባ እንግዳ። ያን ቀን ግን ከነአክታዬ፣ ከነውሸቴ፣ አብሮኝ ተኝቶ እንደከረመ ገባኝ። አልዳንኩም ነበር። ሞትም በር ላይ ነበር። ግን ብቻዬን አልነበርኩም።

በማግሥቱ ደምሴ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝ። ዘሃራም መጣች። ያው አግዳሚ፣ ያው በር፣ ያው መነጽር ያለው ልጅ። ሰው እየሰማ ነገርኩት።

"ልጄ፣ በጥር የሰጠሁህ አክታ የኔ አልነበረም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "የማን ነበር?"

ዘሃራ ከኋላዬ ብድግ አለች። "የኔ ነው! ወላሂ ንጹሕ ነበር፣ አንተው ራስህ መስክረሃል!"

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። ብዕሩን አስቀመጠ።

"ሦስቱም?"

"ሦስቱም" አልነው ሁለታችንም።

"እማማ፣ ሰባት ወር እኮ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሲስሉ ነበር? ይኸ በሽታ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። ከሚስለው ሰው አፍ ወጥቶ ጎኑ ያለው ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል።"

እኔ እስከዚያ ድረስ የማውቀው እንደምሞት ነበር። ሰው እንደምገድል አላወቅሁም። የደምሴ ቅርጫት፣ ሕፃኑን መከልከሉ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ያን ጊዜ ገባኝ። አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

የራሴን አክታ ሰጠሁ። ነቀርሳው ሞልቶ ተገኘ። እናኑ፣ ደምሴ፣ ሕፃኑና ዘሃራ ሁሉም ታዩ። ልጁ "ቤተሰቡ ደህና ነው" ሲለኝ "እርግጠኛ ነህ? የራሳቸው ነው ወይ?" ብዬ ጠየቅኩት። ያኔ ነው እሱም የሳቀው።

መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ስምንት ወር ይወሰዳል። የመጀመሪያውን ሁለት ወር በየጠዋቱ ሄጄ ነርሷ እያየችኝ እውጣለሁ። ማንም አይደንግጥ፣ ሽንት ቀይ ያደርጋል። እኔ ደም መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ስጸልይ ውዬ ነርሷ "ክኒኑ ነው እማማ" አለችኝ። ያቅለሸልሻል፣ እግር ያቃጥላል፣ አንዳንድ ቀን ተዪው ተዪው ይላል። በሁለተኛው ወር ሳሉ ቀነሰ፣ እንጀራ ጣመኝ። ብዙ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው ትላለች ነርሷ። ተሻለኝ ብሎ ያቆማል፤ በሽታው ደግሞ ክኒኑን ንቆ ይነሣል። እኔን ያቆየኝ ብልኅነት አይደለም፤ ንስሐ ነው። አንድ ቀን ባስታጉል መምሬን ሳይሆን ፈጣሪን እንደማስታጉል ስለማስብ።

ስድስተኛው ወር ላይ በእግሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ግራ ሳንባዬ ግማሹ ተጎድቷል፤ አይመለስም አሉኝ። ባቲ ከእንግዲህ ቀርቷል፤ ዳገት ስወጣ ሦስት ጊዜ እቀመጣለሁ። ይኸን ተቀብዬ ነበር። ዳንኩ፣ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ዘሃራ መሳል የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው።

"የበርበሬው ብናኝ ነው" አለችኝ።

"ዘሃራ!"

"ነው አልኩሽ እኮ! ደግሞስ በነሐሴ አይተውኝ የለም?"

"ያኔ ገና ተደብቆ ይሆናል። ነይ እንሂድ።"

አልሄድም አለች። ልጇ ታጭታ ነበር፤ የነቀርሳ ቤት ነው ብለው አማቾቿ ጋብቻውን ትተው እንዳይመለሱ ፈራች። አንድ ወር እንቢ አለች። በሯ ላይ እየሄድኩ እቀመጣለሁ፤ ስትስል እሰማለሁ፤ እያንዳንዷ ሳል እኔን ትጠራኛለች። ያ መኪና ውስጥ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ያልተነሣችው እሷ ናት። ከኔ ነው የያዛት። ማንም ባይለኝም አውቀዋለሁ። ምን ላድርግ? ሳንባዬን አውጥቼ አልሰጣት፣ ብሰጣትም የኔ የተበላ ነው።

በመጨረሻ የረታኋት በለቅሶ ነው፤ ሌላ የማውቀው ዘዴ የለኝም። ሚያዝያ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ልጁ ያቺን ዕቃ ሲሰጣት ወደኔ ዞራ፣

"እስቲ አሁን አንቺ አበድሪኝ፣ ነጽተሻል አይደል?" አለችኝ።

"ዘሃራ፣ እገድልሻለሁ!"

"ኤዬ፣ አውቃለሁ" ብላ እየሳቀች፣ እየሳለች ወጣች።

ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። የኔ ስምንት ወር ያለቀውና የሷ የተጀመረው በአንድ ሳምንት ነው። ወረቀቱን ይዤ "ከኔ ነው ዘሃራ፣ ይቅር በይኝ" ብላት "ከረቢ፣ ከፈጣሪ ነው፤ አንቺ ማን ነሽና ሕመም የምትሰጪው?" አለችኝ። ይኸን ስትለኝ ይቅር አለችኝ ወይስ ዝም አሰኘችኝ፣ እስካሁን አላውቅም። የልጇ ሠርግ ግን አልቀረም፤ አማቾቿ "ሕመም የአላህ ነው" አሉ። እኔ ብቻዬን ሠርጉ ላይ ሳለቅስ ሰው የደስታ መሰለው።

እናንተ የምታነቡት፣ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የራሳችሁን አክታ ስጡ። ብታፍሩም፣ ብትጾሙም፣ ብትቆርቡም ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ፤ ማግሥት የሚባል ቀን አለ። እውነቱን ለሐኪም መንገር ከጸሎት አይቆጠርም የሚል ካለ አትስሙት። ፈጣሪ ሕመሜን ወዲያው አልወሰደልኝም፤ የወዳጄንም እንዳይመጣ አልከለከለልኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማውቀው ጸያፍ በሆንኩበት ቦታ አለመጸየፉን ነው።

ይኸን ስጽፍ ዘሃራ መድኃኒቱን ከጀመረች አርባ ቀን አልፏታል። ከስታለች። ትድን አትድን አላውቅም፤ ነርሷም ገና ነው ትላለች። በየጠዋቱ ከቤቷ እወስዳታለሁ፤ ሁለታችንም ስለምንደክም መንገድ ላይ ተራ በተራ እንቀመጣለን። ዛሬ ጠዋት ክኒኖቹን በመዳፏ ይዛ ጥቂት አየቻቸው፣ ቢስሚላህ አለች፣ ዋጠች። መዋጧን ነርሷ እንድታይ አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ ምላሷን አሳየቻት። እኔ ጎኗ ሆኜ "አሜን" አልኩ። እሷም ውሃውን ጠጥታ "አሚን" አለች። ነርሷ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።